ከአንኮበር ቀጥቃጮች እስከ ጣርማ በር መካኒኮች

በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ተሽከርካሪ የተሰበረበት ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው ሥራውን የሚያውቅ ሰው የት እንደሚገኝ ነው። የመለዋወጫው ጉዳይ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። ይህ ጥያቄ ከአውቶሞቢል ጋር የተወለደ ቢመስልም በዚያ አገር ከመኪና ይልቅ በዕድሜ እጅግ ይበልጣል። ከውጭ የመጣ መሣሪያ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል የሚለው ችግር የሸዋን ነገሥታት በአንኮበር አፋፍ ላይ ሳሉ ያሳሰባቸው ጉዳይ ነበርና፣ የደብረ ብርሃንን የዛሬ ጋራዦች ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከዚያ ቢጀምር አይሳሳትም።

ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለእጅ ጥበብ የነበራቸው ፍቅር በዘመኑ አገራቸውን በጎበኙ የውጭ ሰዎች ሁሉ ተመዝግቧል። በ1832 ዓ.ም. ገደማ ለእንግሊዞች በላኩት ደብዳቤ ጥበብና ዕውቀት ገና ወደ አገራቸው እንዳልገባ ገልጸው ጠመንጃና መድፍ እንዲላክላቸው ጠይቀው ነበር። በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ አንኮበር የደረሰው የካፒቴን ሃሪስ መልእክተኛ ቡድንም በርከት ያሉ ጠመንጃዎችንና ቀላል መድፎችን በገጸ በረከትነት ይዞ መጣ። በኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ይሁን እንጂ ጠመንጃ ከተተኮሰ በኋላ ምላጩ ይዝላል፣ ባላው ይደርቃል፣ ዝናብ የመታው ብረት ይዝጋል። ከባሕር ማዶ የመጣውን መሣሪያ በሥራ ላይ ለማቆየት ንጉሡ የነበራቸው ኃይል በግቢያቸው ውስጥ የሚሠሩት የአገሩ ቀጥቃጮች ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል። ንጉሡ በየዕለቱ የሚሠሩትን እየዞሩ የሚመለከቷቸው ብረት ሠሪዎች፣ ጠመንጃ ጠጋኞች፣ ኮርቻ ሰፊዎችና አንጥረኞች በቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የከበሩ ይመስሉ ነበር። ከግቢው በር ሲወጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጠይብ የሚለው ስም፣ በመሠረቱ ጥበበኛ ማለት ሆኖ ሳለ፣ መሰደቢያ ሆኗል። ሕዝቡ ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው በቡዳነት ይጠረጥረዋል፤ ልጁን አይድርለትም፤ ርስትም አይሰጠውም። ሥራውን የሚፈልግ፣ ሠራተኛውን የሚሸሽ ማኅበረሰብ ሙያው እንዲሰፋና እንዲሻሻል ሊያደርግ አይችልም። ዕውቀቱ በጥቂት ቤተሰቦች ውስጥ ተዘግቶ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቀረ።

በዚያው በሣህለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው የውኃ ወፍጮ ዕጣም ከዚህ ጋር ይታያል። አንድ ከውጭ የመጣ ባለሙያ በአንኮበር አካባቢ የተከለው ወፍጮ የአጋንንት ሥራ ነው ተብሎ ከካህናቱ ተቃውሞ ስለ ገጠመው ሥራ አቁሞ ፈረሰ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የካህናቱን ግትርነት ለማሳየት ነው። ለጥገና ባለሙያ ግን ሌላ ገጽ አለው፤ ተቃውሞው ባይኖር እንኳ ያን መዘውር የተከለው ሰው ከሄደ በኋላ ጥርሱ ሲሰበር የሚተካለት ማን ነበር?

ዳግማዊ ምኒልክ፣ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ባለሙያውን ራሱን ማስመጣት ነበር። በ1871 ዓ.ም. ስዊስ አገር ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከሁለት የእጅ ባለሙያዎች፣ ከአፔንዜለርና ከሲመርማን ጋር አንኮበር ደረሰ። በሰፊው እንደሚተረከው ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራላቸው ነበር፤ ቀጥሎም ጠመንጃ። ኢልግ ሁለቱንም ሠራ ይባላል። የዙሪክ ምሩቅ የሆነን መሐንዲስ በጫማ መፈተን ለአንዳንዶች ቀልድ መስሎ ይታያል። ሆኖም ባለሙያን በወረቀቱ ሳይሆን በእጁ መመዘን እስከ ዛሬ ድረስ በገጠር መንገድ ላይ የቆመ ሾፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ የማያውቁት ጋራዥ ሲገቡ ሞተሩን ከማስፈታት በፊት ካንዴላ አስጠርጎ እጁን የማያይ ማን አለ?

ኢልግ ንጉሡን ተከትሎ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወረደ። ከእርሱም ጋር አብዛኛው የጥበብ ሥራ ሄደ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲደርስ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ አንኮበር ይወጣ የነበረው የሲራራ ንግድ ፋይዳው እየሳሳ መጣ። እንግዲህ ከስዊስ አገር ድረስ ባለሙያ ያስመጣ ከተማ፣ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ በገባበት ዘመን ከዋናው መንገድ ውጭ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ጠረፍ በበረሃው አቋርጦ ያመጣት ዎልስሊ፣ ሾፌርም መካኒክም የሆነ ሰው አብሯት መጣ፤ ያለ እርሱ መንገዱን አትጨርሰውም ነበር። ጥቂት ቆይቶም ጀርመናዊው ሆልትስ ሌላ መኪና አስገባ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መዋላቸው አጋጣሚ ነው፤ አዋጁ የወጣው ለመኪና ተብሎ አይደለም። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ መኪናውም አዋጁም አስፈላጊ ነበሩ። አዋጁ ግን እንደ መኪናው ፈጥኖ አልሄደም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በዘይት የተለወሰ ቱታ የለበሰ ልጅ በአባቱ ቤት ከጸሐፊ ወንድሙ እኩል አልተከበረም።

ሰሜን ሸዋ የሞተርን ድምፅ በብዛት የሰማው በጦርነት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ደሴ የዘመቱት በመኪና ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሚያዝያ 18 ቀን የማርሻል ባዶልዮ ሠራዊት በዚያው መንገድ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ከ1,700 የሚበልጡ መኪናዎች ነበሩት፤ ፊያትና ላንቻ ብቻ ሳይሆኑ ፎርድ፣ ሸቭሮሌ፣ ቤድፎርድና ስቱድቤከርም ይገኙባቸዋል። ይህን ያህል የተለያየ ዓይነት ተሽከርካሪ በአንድ ሰልፍ ማስጓዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ለሙያው ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ጣርማ በር ላይ ኢትዮጵያውያን መንገዱን በፈንጂ ስለ ቆረጡት ሰልፉ ቆመ፤ መንገዱ እስኪጠገን ድረስ ያ ሁሉ ሞተር በዝናብና በጭቃ ውስጥ ተደርድሮ ጠበቀ። ጫጫ አካባቢ ደግሞ አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ አደጋ ጣሉበት። መኪናዎቹ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ዐሥር ቀን ፈጅቶባቸው ነበር፤ በእግር የሚጓዙት የኤርትራ ወታደሮች በአንድ ቀን ቀድመዋቸው የከተማው ዳርቻ ደርሰው ነበር።

ጠላት ከዚህ የተማረው መንገድ መሥራትን ነው። በአምስቱ ዓመት ውስጥ የአዲስ አበባና የአስመራ መንገድ በድንጋይ ተነጥፎ አስፋልት ለበሰ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጣርማ በር አፋፍም ወደ 600 ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ተበሳ። የሥራውን ጥራት መመስከር የሠሪውን ዓላማ መደገፍ አይደለም። በዚህ መንገድ ላይ ከባድ መኪናው፣ የጥገና ጣቢያውና የጣሊያን መካኒክ መጡ። ከሥሩም ክሪክ የሚያቀብል፣ ዕቃ የሚያጥብ፣ በዓይኑ የሚሰርቅ የአገሩ ልጅ ተቀመጠ። ማንም ላስተምርህ ብሎ አልጠራውም።

ያ ልጅ የተማረውን በቋንቋው ውስጥ ማየት ይቻላል። የዕቃው ስም ከሞላ ጎደል ከጣሊያንኛ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፤ የእጅ መሣሪያውም ካቻቢቴና ፒንሳ። የበሽታው ስም ግን ንጹሕ አማርኛ ነው። ሞተር ይፈላል፣ ይነክሳል፣ ዘይት ይበላል፤ ጎማ ይተነፍሳል፤ ፍሬን ይበጥሳል። ዕቃውን ስሙን ከባዕድ ተቀበለ፤ ሕመሙን ግን ከብትና ሰው ሲታመም ባየበት ዓይን አይቶ ራሱ ሰየመው። የዚህን አገር መካኒክ ጥንካሬና ድክመት ሁለቱንም የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በጆሮውና በእጁ በሽታን መለየት ይችላል፤ ስለ ዕቃው አሠራር በፋብሪካው የተጻፈውን መጽሐፍ ግን አላነበበም፤ ያነብበውም ዘንድ በሚያውቀው ቋንቋ አልቀረበለትም።

ከነፃነት በኋላ ትምህርቱ ሁለት መንገድ ያዘ። አንደኛው የመንግሥት ነው። የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤትም ከዓለም ባንክ በተገኘ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድር በጣሊያን ዘመን ተሠርተው የተጎዱትን መንገዶች ሲያድስ የራሱን የጥገና ክፍልና የመካኒክ ሥልጠና ይዞ ተነሣ። ከእነዚህ የወጡት ባለሙያዎች ጥሩ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ወይም በመሥሪያ ቤታቸው ግቢ ውስጥ ቀሩ። አንኮበር ሄዶ ሱቅ የሚከፍት ተመራቂ ብዙ አልነበረም፤ ሊወቀስም አይገባም፤ በወር ሁለትና ሦስት መኪና ብቻ የሚያልፍበት ከተማ ሊያኖረው አይችልም ነበርና።

ሁለተኛው መንገድ የረዳትነት ነው። ትሬንታ ኳትሮ፣ በኋላም ኤንትሬ እየተባሉ በሚጠሩት የፊያት ከባድ መኪናዎች ላይ የሚሳፈረው ረዳት ጎማ ሲፈታ፣ ሲያስነፋ፣ ከመኪናው ሥር ሲያድር፣ ሾፌሩን በቁጣውም በምክሩም እየታገሠ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ወይ ሾፌር፣ ወይ መካኒክ ሆኖ ይወጣል። ሲደክመው በመንገድ ላይ ባለ ከተማ፣ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና ወይም በሸዋ ሮቢት ይቀመጣል። በአውራ ጎዳናው ላይ የተተከሉት አነስተኛ ጋራዦች መሠረት ይኸው ነው።

የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ይህን ባለሙያ ሌላ ቦታ የማይገኝ ትምህርት አስተምሮታል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። ካርቡራተር ያለው መኪና ከቆላ ተስተካክሎ ሲመጣ አየር አንሶት፣ ቤንዚን በዝቶበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል። ውኃም በዚያ ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ መለኪያው ገና ቀይ ሳይነካ ራዲያተሩ ይንጣጣል። ልምድ የሌለው መካኒክ ይህን አይቶ የቴስታታ ጉዳት ነው ብሎ ሞተሩን ይፈታዋል። ልምድ ያለው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት ነው የመጣኸው?» ብሎ ነው። ቀጥሎም ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ለደብረ ብርሃን የተመቸው የቤንዚን መጠን ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወረድ አንሶ ሞተሩን ያግለዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ባልነበረበት ጊዜ የራዲያተሩን ውኃ ማታ አፍስሶ ጠዋት መሙላት ሞተር ከመሰንጠቅ የሚያድን ብልኀት ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,600 ሜትር በላይ ይወረዳል። የተጫነ መኪና ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ ልያዝ ቢል ሸራው ይግልና መያዙን ይተዋል፤ ፈሳሹም ይፈላል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ መሬት ይነካበታል። በከባድ ማርሽ ሞተሩን እያስያዙ መውረድ የታወቀ መድኃኒት ቢሆንም ፍሪሲዮኑ የሚያንሸራትት ወይም ካምቢዮው ማርሽ የሚተፋ መኪና ይህን ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ፍሬንን የሚሠራ ሰው ብቃት ከሂሳብ ጉዳይ ያለፈ ነው። ሸራን በትክክል ያልበሰመረ፣ የነዳጅ ዘይት የነካውን ሸራ አጥቦ የመለሰ፣ የለፋ ጎሚኒ ለዛሬ ይሁን ብሎ ያለፈ መካኒክ ሥራው የሚፈተነው ከደብረ ሲና በታች፣ ተሳፋሪ በሞላው አውቶቡስ ላይ ነው። አደጋ ሲደርስ በሕዝብ አፍ የሚቀረው «ፍሬን በጥሶ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ ፍሬኑን ማን፣ መቼ እንደ ነካው አይጠየቅም።

ሌላው የብቃት መለኪያ ባሌስትራ ነው። የአንኮበር መንገድ ከደብረ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ለረጅም ዘመን ኮረኮንችና ድንጋያማ ሆኖ ስለ ኖረ የባሌስትራ ጠላት ነበር። አዲስ ባሌስትራ አዲስ አበባ እስኪላክ መጠበቅ የማይችል ባለ መኪና ወደ ቀጥቃጩ ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው የሣህለ ሥላሴ ዘመን ሙያና የአውቶሞቢል ዘመን እንደገና የሚገናኙት። ቀጥቃጩ የባሌስትራን ብረት አሳምሮ ያውቀዋል፤ ያረጀውን ባሌስትራ ገዝቶ ማረሻ፣ መጥረቢያና ቢላዋ ሲሠራበት ኖሯልና። ለማረሻ የሚያደርገውን ለባሌስትራ ሲያደርግ ግን ይስታል። ብረቱን በፍም አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ቅርጹን መልሶ በውኃ ቢነክረው ድርቅ ብሎ በመጀመሪያው ጉድጓድ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ሳይነክር በአየር ቢያቀዘቅዘው ደግሞ ለስልሶ ጭነት ሲያርፍበት ተጣሞ ይቀራል። የባሌስትራ ብረት በዘይት ተነክሮ ከጠነከረ በኋላ እንደገና በመጠኑ መጋልና መለዘብ አለበት። ይህን ሁለተኛውን ማሞቅ በቀለሙ እያዩ የሚያስተካክሉ ጥቂት ቀጥቃጮች አልጠፉም። እነርሱን ከመካኒኩ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ያስተማረ ትምህርት ቤት ግን አልነበረም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ከላይ የተነገረው ንቀት ነው፤ መካኒኩ ራሱ፣ ከንቀት ለመውጣት ሲታገል የኖረው ሰው፣ ቀጥቃጩን ባልደረባው አድርጎ ለመቁጠር አፈረ። የመኪናው ጎማ በረባሶ፣ ባሌስትራው ማረሻ ሆኖ ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ሁለቱ ሙያዎች ጎን ለጎን ሳይነጋገሩ አለፉ።

በደርግ ዘመን ችግሩ ወደ መለዋወጫ አዘነበለ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ትላልቅ የንግድ ድርጅቶች ተወረሱ፣ የውጭ ምንዛሪ ጠበበ፤ አንዱን መኪና አፍርሶ ሌላውን ማቆም የዕለት ሥራ ሆነ። በዚህ ጊዜ የመካኒኩ ብልኀት ጨመረ ቢባል ሐሰት አይደለም፤ ግን ብልኀት ከልክ ሲያልፍ መለኪያን ያስረሳል። የአንዱን መኪና ኩሽኔታ በሌላው ላይ በላሜራ ቁራጭ አጥብቆ መግጠም አንድ ጊዜ የችግር መፍትሔ ነበር፤ በኋላ ግን ዕቃው በገበያ ላይ ሲገኝም ልማድ ሆኖ ቀጠለ። በ1977 ዓ.ም. የረኃብ ዘመን የሰሜኑ መንገድ የእህል ጭነት ሲበዛበት የታየውም ይኸው ነበር። በ1978 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዓለም የምግብ ፕሮግራም የማመላለሻ ድርጅት ካሚዮኖቹን ያስመጣው ከነመለዋወጫቸውና ከነመካኒኮቻቸው ነው። ቤንትሌይም በ1900 ዓ.ም. ያደረገው ይህንኑ ነበር።

ከ1990ዎቹ ወዲህ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት በየወረዳው ከተማ ተስፋፍተዋል፤ የብቃት ምዘናም ተጀምሯል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም.፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል። የምስክር ወረቀት ያለው ወጣት ቁጥር በርክቷል። ሾፌሮች ግን አሁንም መካኒክን የሚመርጡት በዝና ነው። ለዚህ መውቀስ የሚገባው ሾፌሩን አይደለም። ምዘናው ተማሪው የሚያውቀውን መኪና በሚያውቀው ክፍል ውስጥ ሲፈታና ሲገጥም ያያል፤ በጆሮ በሽታ መለየትን ግን አይመዝንም። የቀድሞው ረዳት ደግሞ ጆሮ አለው፤ ወረቀት የለውም፤ የዛሬውን ሞተር የኤሌክትሮኒክስ ክፍል በኮምፒውተር ማንበብም አልተማረም። ብልህ ጋራዥ ሁለቱን አንድ ላይ ይቀጥራል፤ እንዲህ ያሉ ጋራዦች በደብረ ብርሃን አሉ፤ ሲበዛ ግን ጥቂቶች ናቸው።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ለጣርማ በር ቁልቁለት የኤሌክትሪክ መኪና እንግዳ ሳይሆን ወዳጅ ነው፤ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ኃይል አመንጪ ሆኖ መኪናውን ይይዘዋል፣ ባትሪውንም ይሞላል፤ ባትሪው ከአፋፉ ሲነሣ ሙሉ ከሆነ ግን የሚቀበለው ስለሌለ ሥራው ወደ ተራው ፍሬን ይመለሳል። የከፍታው አየር አይነካውም። ካርቡራተር፣ ካንዴላና ማርሚታ የሉትም፤ የአምስት መቶ ቮልት ያህል ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ሽቦ በባዶ እጅ የነካ መካኒክ ግን እንደ ቀድሞው ሁለተኛ ዕድል አያገኝም። ባትሪውን የሚፈትኑት መሣሪያዎችና ሰዎች በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ከአንኮበር 172 ኪሎ ሜትር ነው። እስከዚያው ከእነዚህ መኪናዎች ወደ ደብረ ብርሃን ጋራዦች የሚመጣው ሥራ ጎማና ኩሽኔታ ሆኗል፤ ባትሪ የተሸከመ መኪና ከባድ ስለሆነ ሁለቱንም ቶሎ ይበላል።